ከመግጠም ወደ ማወቅ፦ ሆላንድ ካርና የወንጪ ዳገት

መኪና መገጣጠም ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በ1990ዎቹ መጨረሻ የተቋቋመው ሆላንድ ካር ከውጭ ያስመጣቸውን ክፍሎች ሞጆ ላይ እየገጠመ የቤት መኪና ያወጣ ነበር። «አባይ» ያላት የቻይናዋን ሊፋን 520 ነው። ሌላዋን ደግሞ ከእኛው ምዕራብ ሸዋ፣ ከጊንጪ አካባቢ በሚነሳው ወንዝ «አዋሽ» ብሎ ሰየማት። ሥራው ግን አልዘለቀም፤ ድርጅቱ በ2005 ዓ.ም ከሰረ።

ታዲያ ምን እንማርበት? መግጠምና ማወቅ ለየቅል ናቸው። በቤቱ መኪና የሚሠራ ሰው ይህ የሚገባው ወንጪ ዳገት ላይ ነው። 3,000 ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ወለሉ ሩብ ያህል ይሳሳል። ያኔ ባለ ካርቡራተሩ ሞተር ቤንዚን ይበዛበትና ጥቁር ጭስ እየተፋ ጉልበት ያጣል። ብሎን ቢያጠብቁለት ወይ ፍንክች! መፍትሔው ቤንዚን የሚያልፍበትን ቀዳዳ በጠበበ መቀየር ነው። ይህን ደግሞ ከክፍሎቹ ጋር የሚመጣው መመሪያ ላይነግረን ይችላል።

መምህሮቻችን ሆይ፣ በወርክሾፑ ያለች አንዲት አሮጌ ሞተር ለተማሪዎቹ ትፈታላቸው። እኛም የቀድሞ ተማሪዎች መፍቻችንን ይዘን እንመጣለን።