ዝርዝሩ የት አለ?

በ1969 ዓ.ም. መጋቢት ወር አዲስ አበባ ቤት ለቤት ስትፈተሽ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። የሚፈለገው ጦር መሣሪያ፣ የጽሕፈት መኪናና የማባዣ መኪና መሆኑን ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶ ነበር። እኛ ቤት ከነዚህ አንዱም አልነበረም። የነበረን፣ አባቴ ከደመወዙ እየቆጠበ የገዛው ቴፕ ሪኮርደር ነው። ፈታሾቹ አልጋውን ገልብጠው፣ የእህሉን ከረጢት በርብረው ምንም ሲያጡ ቴፑን ከነካሴቶቹ በአንሶላ ጠቅልለው ወጡ። እናቴ በሩ ላይ ቆማ፣ «በሕግ አምላክ! የወሰዳችሁትን እንኳ ቆጥራችሁ ጻፉልን!» አለቻቸው። መልስ የሰጣት የለም። ከካሴቶቹ በአንዱ ላይ አያቴ ከመሞታቸው በፊት ለእኛ ለልጆች ተረት ሲነግሩን የተቀዳ ድምፃቸው ነበረበት።

እናቴ ሕግ አልተማረችም፤ የተናገረችው ግን ሕግ ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ የ1954ቱን የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ሳገላብጥ አንቀጽ 33 ላይ ደረስኩ። የብርበራ ማዘዣ የሚፈለገውን ዕቃ ለይቶ መጥቀስ አለበት፤ ፖሊስ በማዘዣው ካልተጻፈው ዕቃ በቀር ሌላ መውሰድ አይችልም፤ የተወሰደውም በዝርዝር ተጽፎ፣ የሚቻል ሲሆን ገለልተኛ ሰው አይቶት ይፈርምበታል፤ ፍርድ ቤት በተለይ ካላዘዘ በቀር ብርበራው ከጧቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ብቻ ይካሄዳል። የእናቴ ልመና ሙሉው እዚያ ተጽፎ ቁጭ ብሏል!

ለመሆኑ ይህ የዝርዝር ነገር ከየት መጣ? ሕጋችን ከእንግሊዝ ሥርዓት ብዙ የወሰደ ስለሆነ ፍለጋው ለንደን ያደርሳል። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 11 ቀን 1762 አራት የንጉሥ መልእክተኞች የጆን ኤንቲክን ቤት ሰብረው ገቡ። ሰውየው መንግሥትን በሚተች ጋዜጣ ላይ የሚጽፍ ደራሲ ነው። መልእክተኞቹ ሚኒስትሩ ሎርድ ሃሊፋክስ የፈረሙበት ማዘዣ ይዘዋል፤ ማዘዣው ሰውየውን ከነመጻሕፍቱና ከነወረቀቱ እንዲያመጡ እንጂ የትኛውን ወረቀት እንደሆነ አይናገርም። አራት ሰዓት ሙሉ መሳቢያ ሲከፍቱና ሲያነቡ ቆይተው የፈለጉትን ጭነው ሄዱ። ኤንቲክ ዝም አላለም፤ ከሰሳቸው፤ 300 ፓውንድም ተፈረደለት። ዋና ዳኛው ሎርድ ካምደን እ.ኤ.አ. በ1765 የሰጡት ፍርድ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። እንዲህ ያለውን ሥልጣን የሚሰጥ ሕግ በመጽሐፍ ካልተገኘ ሥልጣኑ የለም፤ «ለመንግሥት ደኅንነት ያስፈልጋል» ማለትም ሕግ አይሆንም አሉ። እኔን ግን ከሁሉ ይበልጥ የነካኝ ሌላ ቦታ ላይ ያሉት ነው። ፍተሻው ያለ ምስክር ከተደረገ የተፈጸመውን የሚያውቁት ፈታሾቹ ብቻ ናቸውና፣ ወረቀቱ ከሄደ በኋላ ተበዳዩ ማስረጃ አልባ ሆኖ ይቀራል።

(እኛስ አገር? ድሮ ሌባ ሻይ የሚባል ነበር። መድኃኒት የጠጣ ልጅ እየተንገዳገደ ሰፈሩን ይዞርና የገባበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። ከዚያ ይልቅ የሃሊፋክስ ማዘዣ ይሻላል፤ ቢያንስ ስም ተጽፎበታል።)

አሜሪካኖች ይህን ትምህርት እ.ኤ.አ. በ1791 በጸደቀው አራተኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያቸው አሰፈሩት፤ የሚፈተሸው ቦታና የሚያዘው ዕቃ ተለይቶ ይጻፍ አሉ። ወረቀት ወረቀት፣ ጠመንጃም ጠመንጃ በነበረበት ዘመን ይህ በቂ ነበር። ኮምፒዩተር ሲመጣ ግን «አንድ ኮምፒዩተር» ብሎ መጻፍ «አንድ ቤት ከነሕይወቱ» እንደማለት ሆነ።

ይህ እ.ኤ.አ. ማርች 1 ቀን 1990 ኦስቲን፣ ቴክሳስ ውስጥ ታየ። ሴክሬት ሰርቪስ ከአንድ የስልክ ኩባንያ በድብቅ የተገለበጠ ሰነድ ይፈልግ ነበር። በማለዳ የስቲቭ ጃክሰን ጌምስ ሠራተኛ የሆነን ሰው መኖሪያ ቤት ፈትሾ ኮምፒዩተሩን ወሰደ፤ በዚያው ዕለት የጨዋታ መጻሕፍት አሳታሚ ወደሆነው ወደ ድርጅቱ ሄደ። ድርጅቱ ራሱ በወንጀል አልተጠረጠረም። ሊታተም የተዘጋጀ የመጽሐፍ ረቂቅ ያለባቸው ኮምፒዩተሮች ተጫኑ፤ ደንበኞች በስልክ መስመር እየገቡ መልእክት የሚለዋወጡበት ማሽንም አብሮ ተጫነ። በእሱ ውስጥ ባለቤቶቻቸው ገና ያላነበቧቸው 162 የግል ደብዳቤዎች ነበሩ። ባለድርጅቱ ግማሽ ያህል ሠራተኞቹን አሰናበተ። ዕቃው የተመለሰው ከወራት በኋላ ነው።

ዳኛ ሳም ስፓርክስ እ.ኤ.አ. በ1993 ለጃክሰን ፈረዱ፤ ለድርጅቱ ከ50,000 ዶላር በላይ ካሣ ተወሰነ። ለኅትመት የሚዘጋጅን ጽሑፍ ከብርበራ የሚጠብቅ ሕግ እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ አላቸውና እሱ ተጥሷል አሉ። ደግሞም በማሽኖቹ ውስጥ ያለውን በጥቂት ሰዓት መገልበጥና ቢበዛ በስምንት ቀን መመለስ ይቻል ነበር አሉ። እኔ ከዚህ ፍርድ የምወደው ይህንን ነው፤ ሳጥኑና በሳጥኑ ውስጥ ያለው ነገር ለየብቻ የሚታዩ ሆኑ። እርግጥ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በማግስቱ ዓመት፣ ያልተነበበ ደብዳቤ ከነማሽኑ መውሰድ «ጠለፋ» አይባልም ሲል የዳኛውን አቋም አጽንቷል፤ ጠለፋ የሚባለው መልእክቱ በመንገድ ላይ ሳለ ሲያዝ ነው ይላል። የቃላት ስንጠቃ ነው፤ ደብዳቤው ያልደረሰው ሰው መንገድ ላይ ቀረ ቢሉት፣ ሣጥን ውስጥ ቀረ ቢሉት ምኑ ነው?

ነገሩ ግን ወደ ፊት ብቻ አልሄደም። እ.ኤ.አ. በ2009 የአሜሪካ የፌዴራል ሥነ ሥርዓት ደንብ ተሻሽሎ፣ ማሽኑን አስቀድሞ ወስዶ ውስጡን በኋላ ማየት የተለመደ መንገድ ሆነ። በ2014 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ ፖሊስ ከያዘው ሰው ኪስ ያገኘውን ሞባይል ለመበርበር በመደበኛው ሁኔታ ማዘዣ ያስፈልገዋል ሲል በሙሉ ድምፅ ወሰነ።

በእኛም አገር የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 ቤትንና ንብረትን ብቻ ሳይሆን በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚደረግ ግንኙነትንም አይደፈርም ብሏል። የ2008ቱ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅም በፍርድ ቤት ማዘዣ ኮምፒዩተሩን መያዝን ፈቅዶ፣ መረጃውን ቀድቶ መያዝንም አንድ መንገድ አድርጎ አስቀምጧል። ቅጂ ከተወሰደ ዋናው ባለቤቱ ዘንድ ሊቀር ይችላል።

አያቴ ቅጂ አልነበራቸውም። አባቴ ስምንት ወር ከተመላለሰ በኋላ ቴፑ ተመለሰለት፤ ክዳኑ ተሰብሯል እንጂ ይሠራ ነበር። ካሴቶቹን ሲጠይቅ፣ መዝገብ የያዘው ሰው ገጹን ወደ እሱ አዙሮ አሳየው። «አንድ ቴፕ» ይላል።