የማይታየው ውርስ፦ የኢንቫይሮመንት ቫሪያብል ታሪክ



ንግግሬን ከራሴ ጥፋት እጀምራለሁ። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጦርነቱ ወልዲያ በደረሰ ጊዜ፣ እሠራበት የነበረው ኮምፒውተር ከብዙ ንብረት ጋር ጠፋ። የሐብሩ ቀበሌዎችን የዝናብ መዝገብ የሚደምረው ስክሪፕቴና መዝገቡ ግን በፍላሽ ተረፉልኝ። ኋላ መርሳ ላይ በተዋስሁት ኮምፒውተር ስከፍተው ስክሪፕቱ አልሠራ አለ። መዝገቡ ከአጠገቡ ተቀምጦ ሳለ፣ እርሱ የሚፈልገው በጠፋው ኮምፒውተር ውስጥ የነበረውን ማኅደር ነበር፤ አድራሻውን በገዛ እጄ በውስጡ ጽፌበት ነበርና።

የዚህ ችግር መፍትሔ ግን ከተገኘ ከአርባ ዓመት በላይ ሆኖታል። ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ እ.ኤ.አ. በ1969 በቤል ላቦራቶሪ የጀመሩት ዩኒክስ፣ በ1979 በወጣው ሰባተኛ እትሙ፣ ከስቲቨን ቦርን ሼል ጋር ኢንቫይሮመንትን ዛሬ በምናውቀው መልኩ አስተዋወቀ። ነገሩ ቀላል ነው፦ በእያንዳንዱ መስመር አንድ ስም፣ የእኩል ምልክትና አንድ እሴት የተጻፈበት ዝርዝር ነው። «ሆም» የተጠቃሚውን ማኅደር፣ «ፓዝ» ትእዛዞች የሚፈለጉባቸውን ሥፍራዎች ይናገራል።

አንድ ፕሮግራም ሌላውን ሲያስነሣ የዝርዝሩን ቅጂ ያወርሰዋል። ልጁ በቅጂው ላይ ያሻውን ቢለውጥ ለወላጁ አይደርስም። ተማሪዎቼ «በስክሪፕቱ ውስጥ የለወጥነው እሴት ተርሚናሉ ላይ ለምን አይታይም?» ሲሉኝ መልሴ ይኸው ነው፦ ውርስ ወደ ታች እንጂ ወደ ላይ አይሄድም።

አድራሻውን አርሜ ስክሪፕቱን ዳግም ባስነሣው፣ ከመጀመሪያው የቀበሌ ስም ላይ ሲደርስ በስህተት ቆመ። ቋንቋን የሚያመለክተው «ላንግ» የተባለው ቫሪያብል አልተሞላም ነበር። እርሱ ባዶ ሲሆን ሲስተሙ «ሲ» የሚባለውን ነባሪ ሥርዓት ይይዛል፤ በዚያ ሥርዓት ደግሞ ያ ያረጀ ፓይተን ከላቲን ፊደል ውጭ ማተም አይችልም። የአማርኛን፣ የኢትዮጵያንና የዩቲኤፍ ስምንትን መለያ ስሰጠው፣ የመርሳ ስም በፊደላችን ወጣ።

እዚህ ላይ ታሪኩን ልብ እንበል። ኢንቫይሮመንት በ1979 ሲወለድ ፊደላችን በኮምፒውተር የጋራ መለያ ቁጥር አልነበረውም፤ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ1999 በሦስተኛው እትም ነው። ፓይተንም «ሲ»ን ሲያገኝ በራሱ ወደ ዩቲኤፍ ስምንት መሻገር የጀመረው በ2018 በወጣው 3.7 እትሙ ነው። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ሳንጠይቀው የሚወርሰው ነባሪ እሴት የሌሎችን አገር ልማድ የተሸከመ ነበር። የእኛን አገር ልንነግረው የሚገባን እኛው ነን።

ዛሬ ያ ስክሪፕት የመዝገቡን ሥፍራ «ኦኤስ ኢንቫይሮን» ከተባለው የፓይተን መዝገበ ቃላት ያነባል። የሚፈልገውን ስም ሲያጣ በግምት አይቀጥልም፤ የጎደለውን ስም ጠቅሶ ይቆማል። ከወልዲያ ወደ መርሳ ሲዛወር ከውስጡ አንድ ፊደል አይለወጥም፤ የሚለወጠው የሚያስነሣው ኮምፒውተር የሚያወርሰው እሴት ብቻ ነው።

ኮምፒውተር ይጠፋል፤ ይህን በዚህ አዳራሽ ላለን ማንም ሊነግረን አይገባም። ሥራችን ግን ከኮምፒውተሩ ጋር እንዳይጠፋ፣ አድራሻውን ከውስጡ አውጥተን በውርሱ ላይ እንጻፈው።