የ«ቢ» ሕዋስ ስያሜ አመጣጥ

በሽታ የሚከላከሉት «ቲ» እና «ቢ» የተባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ልዩነት ሚለር እ.ኤ.አ. በ1961 በአይጥ፣ ኩፐርና ባልደረቦቹ በ1965 በዶሮ ባደረጉት ምርምር ተገለጠ፤ ፊደሎቹም በ1969 ስያሜ ሆኑ። «ቲ» ታይመስ ከተባለው የደረት ዕጢ፣ «ቢ» በዶሮ አንጀት መጨረሻ ከሚገኘው ቡርሳ ከተባለው ከረጢት ስም ተወሰዱ።

ሰው ግን ቡርሳ የለውም፤ የእርሱ «ቢ» ሕዋስ የሚያድገው በአጥንት መቅኒ ነው። የመቅኒው እንግሊዝኛ ስም በዚያው ፊደል መጀመሩ አጋጣሚ ብቻ ነው። ይህን አጋጣሚ ተከትሎ «የመቅኒ ሕዋስ» ብሎ መተርጐም ልዩነቱን ያጠፋል፤ የ«ቲ» ሕዋስም ጅማሬው ከዚያው መቅኒ ነውና። ከዚህም በላይ ፓክስ-5 የተባለው ዘረመል የጎደለው ጀማሪ «ቢ» ሕዋስ ወደ ሌሎች የደም ሕዋሳት ሊለወጥ እንደሚችል በ1999 ታወቀ። እንግዲህ የሕዋሱን ዕጣ የሚወስነው ስፍራ ብቻ ስላልሆነ፣ ፊደሉን እንዳለ መጻፍ ይመረጣል።