የሚያነብና የሚጠይቅ ተሳላሚ፦ የወጣቶች የቅድስት አገር ጉዞና የመካናቱ እርግጠኝነት

ኤጌርያ የምትባል ሴት እ.ኤ.አ. ከ381 እስከ 384 ገደማ ከምዕራቡ የሮም ግዛት ተነሥታ ሲናን፣ ኢየሩሳሌምንና በዙሪያቸው ያሉ መካናትን ተሳልማ ለእኅቶቿ የጻፈችው የጉዞ ማስታወሻ ክፋዩ ብቻ ደርሶናል፤ እሱም የተገኘው በ1884 በኢጣልያ አሬዞ ከተማ ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ኤጌርያና አብረዋት የሚጓዙት አንድ ቦታ በደረሱ ቁጥር ሥርዓታቸው ያው ነበር፤ ይጸልያሉ፣ ቦታውን የሚመለከተውን የመጽሐፍ ክፍል ያነብባሉ፣ ተስማሚ መዝሙር ይደግማሉ፣ ዳግመኛ ይጸልያሉ። እሷም የመነኮሳቱን ማብራሪያ ደጋግማ ትጠይቃለች፤ ጠያቂነቷንም አትሸሽግም። ዛሬ ሰንበት ትምህርት ቤቶችና የአብያተ ክርስቲያናት የወጣት ክፍሎች የሚያዘጋጁት የቅድስት አገር ጉዞ ብዙውን ጊዜ የሚለካው በሳምንት ውስጥ ስንት ቦታ ተረገጠ በሚል ነው። የዚህ መጣጥፍ ክርክር ግን የወጣቶች ጉዞ ዋጋ የሚወሰነው በየቦታው በሚነበበውና በሚጠየቀው ነው የሚል ነው። ስለዚህ ስለ መካናቱ ያለው ጥርጥር ከወጣቱ የሚሰወር ምስጢር መሆኑ ቀርቶ የትምህርቱ አካል ሊሆን ይገባል።

ወጣቱን ለይቼ የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። በእኛ አገር ኢየሩሳሌምን መሳለም ለረጅም ዘመን በይበልጥ ዕድሜያቸው የገፋ ምእመናን ምኞት ነበር። ልጆቹን ለወግ ለማዕረግ ያበቃ፣ ከዓለም ጉዳይ እጁን የሰበሰበ ሰው ለትንሣኤ ይሄዳል፤ እዚያው ሞቶ ቢቀበር እንኳ ጸጋ ነው ይባልለታል። ለእንዲህ ያለ ተሳላሚ ይህ ዋሻ በስንተኛው ክፍለ ዘመን ተፈለፈለ የሚለው ጥያቄ የሚጨምርለት ነገር የለም፤ የመጣው ሊሰናበት ነውና። የሃያ ዓመት ወጣት ግን ገና ሊጀምር ነው የሚሄደው። ያየውን ይዞ ወደ ዩኒቨርሲቲ፣ ወደ ሥራ ቦታ፣ እምነቱን ወደማይጋሩ ጓደኞቹ ይመለሳል፤ የሚጠብቀውም ሙግት ነው። ለአረጋዊው የበቃው መርሐ ግብር ለእሱ የማይበቃው ስለዚህ ነው።

ለኢትዮጵያዊ ወጣት ከሁሉ የሚቀርበውን ምሳሌ እንውሰድ። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የተጻፈው ጃንደረባ በኢየሩሳሌም ሰግዶ ሲመለስ ፊልጶስ ያጠመቀው የት ነው? ጽሑፉ ከኢየሩሳሌም ወደ ጋዛ የሚያወርደውን መንገድ ይጠቅሳል፤ የውኃውን ስም ግን አይናገርም። በ333 ከቦርዶ የመጣው ተሳላሚ ቦታውን ከኬብሮን በስተሰሜን ባለው በቤት ጹር ምንጭ አመልክቷል፤ አውሳብዮስ ዘቂሣርያም ከዚሁ ጋር ይስማማል፤ በስድስተኛው ክፍለ ዘመን የተሠራው የማዳባ የሞዛይክ ካርታም የፊልጶስን ቦታ እዚያው አካባቢ አስፍሯል። ኋላ የመጣ ሌላ ትውፊት ደግሞ ከኢየሩሳሌም ደቡብ ምዕራብ ወዳለው ወደ ዓይን ሐንያ ምንጭ ያመለክታል። በዚያ ከ2012 እስከ 2016 በተካሄደው ቁፋሮ የቢዛንታይን ዘመን ገንዳ ተገኝቷል፤ ገንዳው ለመስኖ ይሁን፣ ለመታጠቢያ ወይም ለጥምቀት ግን ቆፋሪዎቹ ራሳቸው ቁርጥ ያለ ቃል አልሰጡም። እንግዲህ ወጣቶቹን ከሁለቱ አንዱ ዘንድ አቁሞ «እዚህ ነው» ብሎ ማለፍ ይቻላል። ሁለቱንም ምስክርነት አቅርቦ ታሪኩን በምንጩ ዳር ማንበብ ግን ይበልጥ ያስተምራል፤ ታሪኩ ራሱ የሚናገረው ስለ አንድ ተሳላሚ ነውና። ጃንደረባው ኢየሩሳሌምን ተሳልሞ ጨርሷል፤ ያልገባው መጽሐፍ ግን በእጁ ነው። ፊልጶስም የመጀመሪያ ቃሉ የሚያነበውን ይረዳ እንደሆነ መጠየቅ ነበር፤ ሰውየውም አስተማሪ እንደሚያስፈልገው ሳያፍር ተናገረ። ሉቃስ የጻፈልን ጃንደረባው በከተማው ያየውን ሳይሆን በመመለሻው መንገድ ላይ ያነበበውንና የጠየቀውን ነው።

ስሜትና ማስረጃ የሚለያዩበት ቦታ ደግሞ ጎልጎታ ነው። ከኢየሩሳሌም የደማስቆ በር ወጣ ብሎ የሚገኘውን የአትክልት ስፍራው መቃብር በተለይ ወንጌላውያን ክርስቲያኖች ይወዱታል፤ ጸጥታው፣ ዛፎቹና የዋሻው ቅርጽ ሰው በልቡ ከሣለው የትንሣኤ ማለዳ ጋር ይገጥማሉ። ዝናውን ያገኘው እንግሊዛዊው ጄኔራል ጎርደን በ1883 አጠገቡ ያለውን ኮረብታ ጎልጎታ ነው ካለ ወዲህ ነው። ነገር ግን የሥነ ቁፋሮ ሊቁ ገብርኤል ባርካይ እንዳሳየው ዋሻው የተፈለፈለው ከክርስቶስ ልደት በፊት በስምንተኛው ወይም በሰባተኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ ማቴዎስ ደግሞ መቃብሩ አዲስ እንደነበረ ጽፏል። በአንጻሩ የትንሣኤ ቤተ ክርስቲያን ግርግር፣ ጭስና የድንበር ክርክር የሞላበት ነው፤ ዛሬም ከከተማው ቅጥር ውስጥ ስለሚገኝ ስቅለቱ ከከተማው ውጭ እንደነበረ ያነበበውን ጎብኚ ያደናግራል። ሆኖም ያንን አካባቢ የከበበው ቅጥር የተጀመረው ከስቅለቱ በኋላ በንጉሥ አግሪጳ ዘመን ነው፤ በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥም የአንደኛው ክፍለ ዘመን የአይሁድ መቃብሮች አሉ፤ በ2016 እድሳት ከቅዱስ መቃብሩ የተወሰደው ልስን በምርመራ አራተኛውን ክፍለ ዘመን፣ ማለትም የቆስጠንጢኖስን ግንባታ ዘመን፣ አመልክቷል። ይህ ሁሉ መቃብሩ የማን እንደሆነ አያረጋግጥም፤ የትኛው ትውፊት የተሻለ መሠረት እንዳለው ግን ያሳያል። በሁለቱም ቦታ የቆመ ወጣት ልብን የሚነካው ቦታ ማስረጃው የሚያይልበት ቦታ ላይሆን እንደሚችል ይማራል። እኔ ከመላው ጉዞ አንድ ትምህርት ብቻ ምረጥ ብባል የምመርጠው ይህን ነው።

አንድ ከባድ ተቃውሞ አለ፤ እምነቱ ገና ያልጸና ወጣት «ምናልባት እዚህ አይደለም» ሲባል ሌላውንም ሁሉ ምናልባት ማለት ይጀምራል የሚል ነው። ስጋቱን አላቃልልም። ነገር ግን ይህን ጥርጥር የሚፈጥረው መምህሩ አይደለም፤ ወጣቱ አውቶቡሱ ውስጥ እንደተቀመጠ ከስልኩ ያገኘዋል። ከመምህሩ ሰምቶት ከሆነ አብሮ ለመጠየቅ ዕድል አለው፤ ተሸሽጎበት ኋላ በሌላ ሰው አፍ ሲሰማው ግን የሚጠራጠረው ቦታውን ሳይሆን መምህሩን ነው። ደግሞም እምነቱ በቦታው እርግጠኝነት ላይ የተመሠረተ ቢሆን ኖሮ የእኛው ቤተ ክርስቲያን በላሊበላ ዮርዳኖስንና ጎልጎታን ባልሰየመች ነበር። እነዚያን ስሞች የሚያጸናቸው የሚነበብባቸውና የሚቀደስባቸው ቃል ነው።

ይህ መልስ ሌላ ተቃውሞ ይጠራል፤ ቃሉ ከበቃ ለምን ይኬዳል? ጥያቄው የቆየ ነው። ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ ቦታ መለወጥ ወደ እግዚአብሔር እንደማያቀርብ ጽፏል፤ ቅዱስ ጄሮምም ሰማይ ከኢየሩሳሌምም ከብሪታንያም እኩል ክፍት ነው ሲል ጽፏል፤ እሱ ራሱ ግን ከ386 ጀምሮ እስኪሞት በቤተ ልሔም ኖረ። ይህን እንደ ግብዝነት የሚያዩ አሉ፤ እኔ ግን መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ላቲን የመለሰ ሰው ከቅድስት አገር ምድር ምን እንዳገኘ ማሰቡ ይሻላል እላለሁ። ምድር የምታስተምረው፣ የምንጩና የመቃብሩ ማንነት ቢያከራክርም፣ የማያከራክር ነገር አለ። ኢየሩሳሌም ከባሕር ጠለል በላይ 750 ሜትር ያህል፣ ኢያሪኮ ከባሕር ጠለል በታች 250 ሜትር ያህል ናቸው፤ በመካከላቸው በግምት 25 ኪሎ ሜትር ምድረ በዳ ብቻ አለ። ያን ቁልቁለት ጥቂት እንኳ በእግሩ የወረደ ወጣት የደጉ ሳምራዊ ምሳሌ ወንበዴዎችን ለምን እዚያ መንገድ ላይ እንዳኖራቸው ማብራሪያ አያሻውም። በ1986 ከገሊላ ባሕር ጭቃ የወጣችው፣ የክርስቶስ ዘመን ገደማ የሆነችው ጀልባም ርዝመቷ ስምንት ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ በወንጌል የተጻፈው የባሕሩ ማዕበል ምን ያህል እንደሚያስፈራ የሚገባው ከጎኗ ለቆመ ነው። መርሐ ግብሩ በዝቶ ጊዜ ሲያጥር ግን በቅድሚያ የሚሰረዙት ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያሉት ናቸው።

ግልጽነቱ ይበልጥ የሚፈተነው ደግሞ በራሳችን ደጅ ነው። ኢትዮጵያውያን ወጣቶች በትንሣኤ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ ወዳለው ዴር ሱልጣን ሲወጡ፣ አባቶች በጠባብ ጎጆ በችግር ያቆዩትን ርስት ያያሉ፤ በ1838 በወረርሽኝ ስላለቁት መነኮሳትም ይሰማሉ። ይህን መስማታቸው ተገቢ ነው። ነገር ግን የግብፅ ኮፕቶች የራሳቸው ይገባኛል ባይነት እንዳላቸው፣ በ1970 የትንሣኤ ሌሊት የዴር ሱልጣን ሁለት ጸሎት ቤቶች በሮች ቁልፍ እንደተለወጠ፣ በ1971ም የእስራኤል ከፍተኛው ፍርድ ቤት ቁልፉ ለኮፕቶች ይመለስ ሲል የባለቤትነቱን ጉዳይ ለመንግሥት እንደተወ፣ ቁልፉም እስከ ዛሬ እንዳልተመለሰ አብሮ ሊነገራቸው ይገባል። ይህ የኢትዮጵያን መብት መካድ አይደለም፤ መብቱ በሰነድና በታሪክ የሚቆም ከሆነ የተቃራኒውን ወገን ቃል መስማት አያፈርሰውም። በአትክልት ስፍራው መቃብር ላይ የሌላውን ትውፊት በማስረጃ የሚመዝን፣ ዴር ሱልጣን ሲደርስ ግን ሚዛኑን የሚያስቀምጥ መሪ ለወጣቶቹ የሚያስተምራቸው ማስረጃ በሌላው ላይ ብቻ እንደሚሠራ ነው።