የየኔታ ተማሪዎች ጭንቀታቸውን እንዴት ይችሉት ነበር?

ፈተና ሲቃረብ እንቅልፍ የሚያሳጣ፣ ምግብ የሚያስጠላ፣ ያነበቡትን ሁሉ ከጭንቅላት የሚያጠፋ ጭንቀት አለ። ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። ታላላቆቻችን ታዲያ ይህን ሲያዩ አንድ የማይቀር ምክር አላቸው፤ «የድሮ ተማሪ እኮ ቆሎውን ቆርጥሞ ነው የተማረው፣ ጭንቀት የሚባል ነገር መች ያውቅ ነበር?» ይሉናል። እውነት አያውቅም ነበር? መልሱን ለመፈለግ እስኪ ወደ ምሥራቅ ጎጃም እንሂድ።

ከደጀን ተነስቶ በቢቸናና በሞጣ አልፎ ባሕር ዳር የሚዘልቀው አገር የታወቀ የተማሪ አገር ነው። ቢቸና አጠገብ ዲማ ጊዮርጊስ አለ። ወደ ሞጣ ሲሉ ደብረ ወርቅን ያገኛሉ። ሞጣን አልፈው ወደ ባሕር ዳር ሲቀጥሉ ደግሞ ጎንጅ ይመጣል፤ ከዋሸራና ከዋድላ ጋር ከሦስቱ ስመ ጥር የቅኔ ቤቶች አንዱ ነው። ከሩቅ አገር ሁሉ ወጣቶች ለምዳቸውን ለብሰው፣ አኩፋዳቸውን አንግተው በእግራቸው ወደዚህ ይመጡ ነበር።

እነዚህ ተማሪዎች የሚያስጨንቃቸው ነገር ከእኛ ያነሰ አልነበረም። መጀመሪያ ረሃቡ ነው። ምግባቸውን በየመንደሩ እየዞሩ ይለምናሉ፤ በየበሩ ደግሞ ውሻ ይጠብቃቸዋል። ሁለተኛው የትምህርቱ ክብደት ነው። የቅኔ ተማሪ የሌላውን ሰው ቅኔ ሸምድዶ አያልፍም፤ በየዕለቱ በግእዝ አዲስ ቅኔ መፍጠር አለበት። ቀን ብቻውን ጥግ ይዞ ሲያስብ ይውልና በየኔታ ፊት ቀርቦ ያሰማል። ሰዋስው ከተሳሳተ፣ ቤቱ ካልመታ፣ ሰሙና ወርቁ ካልገጠመ ጓደኞቹ ሁሉ እየሰሙ ይታረማል።

ሦስተኛው ጭንቀት ደግሞ ዛሬም አብሮን አለ፤ የወላጅ ተስፋ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ ይህን ከውስጥ ያውቁታል። በ1902 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ አካባቢ ተወልደው በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ከተማሩ በኋላ ነው አዲስ አበባ የገቡት። በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ በዛብህ ገና በልጅነቱ ወላጆቹ ለእግዚአብሔር የተሳሉት ተማሪ ነው። ስለቱን የተሳሉት እነሱ፣ ዕድሜ ልኩን የሚከፍለው ግን እሱ ነው። በዛብህ የልብ ወለድ ሰው ነው፤ ሸክሙ ግን ልብ ወለድ አይደለም። ዛሬ «ልጄ ዶክተር ይሆናል» የተባለለት ተማሪ ያንኑ ሸክም በሌላ ስም ተሸክሟል።

ጭንቀቱ ከባድ ስለነበረ መጥፎ መድኃኒትም ተፈልጎለታል። አብሾ የሚባለው ነገር ዝናው ከቅኔ ቤት ጋር የተያያዘ ነው። አእምሮ ይከፍታል፣ የሰሙትን ሁሉ ያስይዛል እየተባለ ይጠጣ ነበር። ይዘጋጅበታል የሚባለው አስተናግር ግን መርዘኛ ተክል ነው፤ ያስቃዣል፣ ያሳብዳል፣ ይገድላልም። ዛሬ ነገረ ሥራው ያላማረንን ሰው «አብሾ አለበት እንዴ?» የምንለው ያለ ምክንያት አይደለም። ለፈተና ሌሊቱን በጫት የሚያነጋ ተማሪ እንግዲህ ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር ቢማር መልካም ነው፤ አቋራጩ መንገድ አዲስ አይደለም፣ ዋጋውም አዲስ አይደለም።

ታዲያ አብሾ ያልጠጣው አብዛኛው ተማሪ እንዴት ቻለው? እኔ እንደሚመስለኝ ያዳነው የሰውየው ጥንካሬ ብቻ አይደለም፤ የቅኔ ቤቱ አሠራር ነው።

አንደኛ፣ ስህተት የየዕለት እንጀራ ነበር። ተማሪው የሚጀምረው ሁለት ቤት ብቻ ካላት ጉባኤ ቃና ነው። ከዚያ ደረጃ በደረጃ እየወጣ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ላይ ይደርሳል። ዛሬ ቅኔው ቢሰበር የኔታ ያቃኑለታል፣ ነገ ሌላ ይዞ ይመጣል። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ የሚሳሳት ሰው አንድ ቀን ተሳሳትኩ ብሎ ዓለም አይጠፋበትም።

ሁለተኛ፣ ብቻውን አልነበረም። የቀደመው ተማሪ የኋለኛውን ያስቀጽላል፣ ያስጠናል። ለምኖ ያመጣውን ከጎጆ ጓደኛው ጋር ይካፈላል። ቢታመም የሚያስታምመው ያው ጓደኛው ነው።

ሦስተኛ፣ የመጨረሻ ቀን የሚባል ነገር አልነበረም። በዚህ ዓመት ያልገባው በሚመጣው ይገባዋል። ከአንዱ መምህር ጋር ያልሆነለት አኩፋዳውን አንስቶ ከዲማ ወደ ጎንጅ ይሻገራል፤ ወደቀ የሚለው የለም።

ይህን ስል የድሮውን ነገር ሁሉ ማሞገሴ አይደለም። አለንጋ ነበር፣ በሽታ ነበር፣ በመንገድ የቀረም ብዙ ነው። በሩም ለሴቶች የተዘጋ ያህል ነበር፤ ዓይነ ስውር ሆነው በጎጃም ጽላሎ ቅኔ ያስተማሩትን እማሆይ ገላነሽን የመሰሉት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ሲሰጥ ከ896 ሺህ በላይ ተማሪዎች ተቀምጠው 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ 3.3 በመቶ መሆኑ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት የተማረ ልጅ በጥቂት ቀናት ተመዘነ። ብዙው ስህተቱን ያወቀውም ያኔ፣ ማንም በማያርምለት ሰዓት ነው። በዚያው ዓመት ማብቂያ ላይ ደግሞ በአማራ ክልል ግጭት ተቀሰቀሰና ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። እንዲህ ያለውን ተማሪ «አትጨነቅ፣ በርታ» ማለት ምን ይጠቅመዋል?

ፈተናውን እኛ አንቀይረውም። የቅኔ ቤቱን ሦስት ነገሮች ግን ያለ ማንም ፈቃድ መውሰድ እንችላለን። በየቀኑ ትንሽ ሠርቶ ለሚያርም ሰው ማሳየት፤ ሦስት አራት ሆኖ አንዱ ሌላውን ማስጠናት፤ ያልተሳካለትንም ጓደኛ «ወደቀ» ብሎ ከመሸሽ ይልቅ ለሚቀጥለው ዓመት አብሮ ማዘጋጀት። ሸክሙ ከዚህም በላይ ሲከብድ ለቤተሰብ፣ ለመምህር ወይም ለሐኪም መናገር ነው። የዲማ ተማሪ የተሰበረውን ቅኔውን ደብቆ አላደረም፤ ይዞት የኔታ ፊት ይቀርብ ነበር።