ባሌት ለአዋቂ ጀማሪዎች

ይህ ለተከታታይ ትምህርት ሳይመዘገቡ የአንድ ቀን ከፍለው የሚገቡበት የዳንስ ልምምድ ነው። ባሌት በፈረንሳይ ቤተ መንግሥት ያደገ ሲሆን፣ ሉዊ 14ኛ እ.ኤ.አ. በ1661 የዳንስ አካዳሚ አቋቁሟል፤ የእንቅስቃሴዎቹ ስሞች ዛሬም በየአገሩ የሚጠሩት በፈረንሳይኛ ነው።

ልምምዱ አግዳሚውን ዘንግ ይዞ በ«ፕሊዬ» ይጀመራል። ተረከዝ ከተረከዝ ይገጥማል፣ የእግር ጣቶች ወደ ውጭ ይዞራሉ፣ ጀርባ ቀጥ እንዳለ ጉልበት በጣቶቹ አቅጣጫ ቀስ ብሎ ይታጠፋል። የእግሩ ወደ ውጭ መዞር መምጣት ያለበት ከዳሌ መገጣጠሚያ ነው፤ ጉልበትን አስገድዶ ማዞር ይጎዳል፤ አዋቂ ጀማሪ ከሁሉ በላይ ሊጠነቀቅ የሚገባውም ከዚህ ነው። በኋላ ዘንጉን ለቀው ወደ አዳራሹ መሐል ይወጣሉ፤ ሚዛን መጠበቅና መዝለል ይከተላል።

በሰሜን ሸዋ እስክስታ ሲመታ ላደገ ሰው ፈተናው ትከሻው ላይ ነው። ሙዚቃው ሲጀምር መንቀጥቀጥ የለመደው ትከሻ እዚህ ዝቅ ብሎ መርጋት አለበት። የምት ስሜቱና ከዘፈን ጋር የመተንፈስ ልማዱ ግን ትልቅ ስንቅ ነው። 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ደብረ ብርሃንም ሆነ በአንኮበር ብርድ፣ ከመዝለል በፊት ሰውነትን በደንብ ማሟሟቅ የግድ ነው።

በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ1996 እንግሊዛዊው የዳንስ አቀናባሪ ሮይስተን ማልዱም ከጎዳና ልጆች ጋር «ካርሚና ቡራና» የተባለውን የዳንስ ትርኢት ለመድረክ አብቅቷል፤ አዱኛ የዳንስ ቡድን የተመሠረተው ከዚያ በኋላ ሲሆን፣ የቡድኑ ስልት ግን ባሌት ሳይሆን ዘመናዊ ዳንስ ነበር።