ደራሲው ሲሞት መጽሐፉን ማን ያወጣዋል?

መተማ ሲነሣ አስቀድሞ የሚታወሰን የንጉሥ ሞት ነው። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ከመሐዲስቶች ጋር ሲዋጉ በጥይት ተመቱ፤ ወደ ድል ያጋደለው ውጊያም በዚያው ተገለበጠ። ስለዚያ ቀን ብዙ ተጽፏል፣ ብዙም ተዚሟል። ከንጉሣቸው ጋር በዚያ ቆላ ከወደቁት ወታደሮች አንዱ ግን በአድዋ አካባቢ ሦስት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ትተው ነበር። ያ ሕፃን ኋላ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ተብሎ የታወቀው ሰው ነው።

የገብረ ሕይወት ሕይወት ራሱ ልብ ወለድ ይመስላል። በልጅነታቸው ወደ ኤርትራ ተሻግረው ከስዊድን ሚሲዮናውያን ዘንድ ፊደል ቀሰሙ፤ ከምጽዋ በመርከብ ተሳፍረው አውሮጳ ደረሱ፤ በኦስትሪያና በጀርመን አድገው ተማሩ። ተመልሰውም ዐፄ ምኒልክን አገለገሉ፤ ስደትም አገኛቸው። «ዐፄ ምኒልክና ኢትዮጵያ» የተሰኘው ጽሑፋቸው እ.ኤ.አ. በ1912 አሥመራ ላይ «ብርሃን ይሁን» በተባለው መድበል ታተመ። ኋላም በባቡሩ ሥራ ላይ ተቆጣጣሪ፣ በድሬዳዋም የጉምሩክ ሹም ሆኑ። በ1911 ዓ.ም. ሲሞቱ ዕድሜያቸው ገና 33 ዓመት ገደማ ነበር።

ሲሞቱም ያልታተመ ረቂቅ ተዉ። «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ይባላል። አገር ስለምን እንደሚደኸይ፣ ዕውቀት የሌለው ሕዝብ የድካሙን ፍሬ ለዐዋቂው ሕዝብ ስለምን እንደሚገብር፣ ንግድና ጉምሩክ፣ ገንዘብና ሥራ እንዴት እንደሚተሳሰሩ የሚመረምር መጽሐፍ ነው። በአማርኛ የምጣኔ ሀብት ሐሳብ ታሪክ ሲጻፍ ያለዚህ መጽሐፍ አይጀመርም።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እንጠይቅ። ደራሲው የለም፤ የሚከራከርለት አንደበት፣ የሚያርመው እጅ የለውም። ታዲያ ያ ረቂቅ ከሣጥን ወደ ማተሚያ ቤት እንዴት ደረሰ? መልሱ አጭር ነው፤ ዕዳው የእኔ ነው ያሉ ሰዎች ስለ ነበሩ። መጽሐፉ ደራሲው በሞቱ በአምስተኛው ዓመት፣ በ1916 ዓ.ም.፣ ራስ ተፈሪ መኰንን ከሁለት ዓመት በፊት ባቋቋሙት በብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ታተመ። መቅድም የጻፉለትም ጳውሎስ መናመኖ ናቸው። የገብረ ሕይወትን ስም ብዙ ሰው ያውቃል፤ የመቅድሙን ጸሐፊ የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው። የአርታኢና የአሳታሚ ሙያ ዕጣው እንዲህ ነው፤ ሥራው ሲሳካ ሠሪው ይሰወራል።

ይህን ታሪክ ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ዛሬ ከዩኒቨርሲቲ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ፣ ጋዜጠኝነት ወይም የአርትዖትና የኅትመት ትምህርት ተምረው የሚወጡ ወጣቶች አሉ። የብዙዎቹ ጥያቄ አንድ ነው፤ «በዚህ ዲግሪ ምን እሠራበታለሁ?» ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እንጀራ የሌለው ሙያ ማንንም አያኖርም። ነገር ግን የአገራችን የኅትመት ታሪክ ከዚያ የቀደመ ሌላ ጥያቄ ያቀርብላቸዋል፤ «የማንን ረቂቅ ተቀብለሃል?» የሚል።

ሁለተኛውን ምስክር እንጥራ። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ በኢየሩሳሌም ሳሉ የግዕዝ መዝገበ ቃላት ጀምረው ሳይፈጽሙት ዐረፉ። ሥራውን ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ተረከቡ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ደክመውበት በ1936 ዓ.ም. እሳቸውም ሳያሳትሙት ዐረፉ። ሦስተኛው ተረካቢ አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ ናቸው። ደስታ የመምህራቸውን አደራ ፈጽመው «መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ»ን በ1948 ዓ.ም. ለኅትመት አበቁ። የራሳቸው «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» የታተመው ግን በ1962 ዓ.ም. ነው፤ ከመምህራቸው መጽሐፍ 14 ዓመት ዘግይቶ። የሌላውን ድካም ከራስ ድካም ማስቀደም ምን እንደሚመስል ከእነዚህ ሁለት ዓመተ ምሕረቶች የበለጠ የሚናገር የለም። የእነዚህ ሊቃውንት ትምህርት ቤት ዲግሪ አይሰጥም ነበር፤ አርትዖትን ግን ከነሥነ ምግባሩ አስተምሯል።

ዲግሪ ያላቸውስ? በዓሉ ግርማን እናስታውስ። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተምሮ፣ ሁለተኛ ዲግሪውን በአሜሪካ ከሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ያገኘ ሰው ነበር። ትምህርቱን ግድግዳ ላይ አልሰቀለውም፤ «መነን»ንና «አዲስ ሪፖርተር»ን፣ «አዲስ ዘመን»ንም በአዘጋጅነት መራበት። ዕለት በዕለት የሌሎችን ዐረፍተ ነገር የሚያቃና ብዕር የራሱን ልብ ወለዶችም አጠራ። በ1975 ዓ.ም. ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ያወጣው «ኦሮማይ» ግን ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው ከሥራው ተሰናበተ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ ቀረ። የተማረ አርታኢና የመንግሥት አሳታሚ ድርጅት ባሉበት አገርም መጽሐፍ ከአንባቢው እጅ ሊነጠቅ እንደሚችል ይህ ታሪክ ያሳያል። ዲግሪው ከለላ አልሆነም። ማሳተም ኮማና አራት ነጥብ ከማስተካከል ያለፈ ኃላፊነት መሆኑን የምናውቀው ከዚህ ነው።

እነሆ፣ ወደ መተማ ቆላ እንመለስ። በምዕራብ ጎንደር፣ ሽንፋ የምትባል ከተማና ሱዳን ሲደርስ ራሃድ የሚሰኝ የሽንፋ ወንዝ አሉ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 «ኔቸር» የተሰኘው ዓለም አቀፍ የሳይንስ መጽሔት በዚህ ወንዝ ዳር የተገኘ ጥንታዊ የሰው መኖሪያን የሚመለከት ጥናት አወጣ። ከ74,000 ዓመት ገደማ በፊት በሱማትራ የፈነዳው የቶባ እሳተ ገሞራ ብናኝ በሽንፋ አፈር ውስጥ ተገኘ፤ በዚያ ዘመን የኖሩት ሰዎችም ድርቁ በርትቶ ወንዙ ወደ ኩሬነት ሲቆራረጥ ዓሣ አብዝተው እየበሉ እንደ ዘለቁ ከአጥንቱና ከድንጋይ መሣሪያው ተነበበ። ያ ጥናት በባለሙያዎች ተመርምሮ፣ ታርሞ፣ በእንግሊዝኛ ታተመ። የሽንፋ ተማሪ የገዛ ወንዙን ታሪክ በሚያፈቅረው ቋንቋ፣ በታረመና በተጠረዘ መጽሐፍ እንዲያነበው የሚያደርግ ሰው ያስፈልጋል። በአርትዖትና በኅትመት የተመረቀ ወጣት ሥራ ፍለጋ ሩቅ ሳያማትር ይህን ማየት ይችላል። የጉሙዝ ሽማግሌዎች ተረት፣ የሰሊጥ አጨዳ ዘፈን፣ የድንበር ነጋዴዎች ትዝታም እንዲሁ ደራሲያቸው ሳይሞት የሚቀበላቸውን ይጠብቃሉ።

ለዚህ ዩኒቨርሲቲው የሚሰጠው መሣሪያ ቀላል አይደለም። ተማሪው ሞክሼ ፊደላትን ለይቶ ይወቅ፤ «ሠረቀ» ሲል ፀሐይ መውጣቷን፣ «ሰረቀ» ሲል ሌብነትን የሚናገር ቋንቋ እጁ ላይ ነውና። የቆየ ጽሑፍ ሲያሳትም ፊደሉን በዝምታ እንዳይለውጥ፣ ከለወጠም በመቅድሙ እንዲናገር ይልመድ። የቃል ታሪክ ሲሰበስብ የተናጋሪውን ፈቃድ ይጠይቅ፤ ማን፣ መቼ፣ የት እንደ ተናገረ ይመዝግብ። የወረቀትና የማተሚያ ዋጋ ማስላትን፣ ገጽ መዘርጋትን አይናቅ። ሕጉንም ይወቅ፤ በዐዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲ የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞቱ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። የገብረ ሕይወት ሥራ ይህን ጊዜ ካለፈ ቆይቷል፤ በጥንቃቄ አርሞና ማብራሪያ ጨምሮ ለዛሬ አንባቢ ማቅረብ ለማንም ክፍት ነው።

ከሁሉ በላይ ግን በትምህርቱ ዓመታት ቢያንስ አንድ የሌላ ሰው ረቂቅ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ ጥራዙ ያድርስ። ሃያ ኮፒ ብቻ ይሁን፤ ግድ የለም። ከዚያ በኋላ ቀጣሪ «ምን ታውቃለህ?» ሲለው የሚያሳየው ነገር በእጁ ይኖራል፤ ቀጣሪ ቢዘገይም የሠራው መጽሐፍ አይዘገይም።

መተማ ላይ የወደቀው ወታደር ልጁ ምን እንደሚሆን አላወቀም። ልጁም ሲሞት መጽሐፉ ምን እንደሚሆን አላወቀም። በሁለቱ አለማወቅ መካከል የቆመው፣ የማያውቀውን የነገ አንባቢ አስቦ የሌላውን ድካም የተቀበለ ሰው ነበር። ለዚያ ሰው በዘመናችን ዲግሪ ተበጅቶለታል። የዲግሪው ዋጋ የሚለካው ግን እንደ ጥንቱ ነው፤ እሱ ባይኖር በማይታተመው መጽሐፍ።